የአጎቴ ፒንቦል ስንት ያወጣል? የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ

አጎቴ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ቤቱን ሊለቅ ነው። ጉልበቱ ደረጃ እምቢ ካለው ቆየ፣ ልጆቹም አላስቀምጥ አሉት፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሊፍት ያለው አፓርታማ ይገባል። ለአልጋው፣ ለሶፋው፣ ለረከቦቱ ሳይቀር ቦታ ተገኝቷል። ቦታ የጠፋው ምድር ቤት ለቆመው ፒንቦል ነው።

«ስንት ያወጣል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልምጣና ልየው።»

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ቺካጎ በረዶዋን እየጣለች ነው። ምድር ቤቱ ግን ማሞቂያው እዚያው ስላለ ደረቅ ነው፣ በጋ ከክረምት እኩል ነው። ይሄ ለማሽኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እጽፋለሁ።

ፒንቦል አይቶ ለማያውቅ ልንገር። እንደ ጆተኒ በአራት እግር የቆመ ረጅም የእንጨት ሣጥን አስቡ። ላዩ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሜዳ አለ። የብረት ብይ ወደ ላይ ትተኩሳለህ። ብይዋ ግራ ቀኝ እየተላተመች ነጥብ ታስቆጥራለች፣ ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ ፍሊፐር በሚባሉት ሁለት ክንፎች መልሰህ ትመታታለህ። በመሃላቸው ካመለጠች አበቃ። ከኋላ እንደ ጭንቅላት የቆመ ሌላ ሣጥን አለ። ሥዕሉና ነጥቡ እሱ ላይ ነው።

የአጎቴ ማሽን ሮያል ፍላሽ ይባላል። ጎትሊብ የሚባለው የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ነገሩ በሙሉ የካርታ ጨዋታ ነው፣ ብይዋ የምትጥላቸው ኢላማዎች ላይ የካርታ ሥዕል አለ። አራት ሰው ተራ በተራ ይጫወትበታል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ያለው ሽቦ፣ ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል)፣ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ አንድ ሞተርና በመቶ የሚቆጠሩ ኮንታክቶች (ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ የብረት ምላሶች) ናቸው። ነጥብ የሚደምረውም፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚያስታውሰውም ይሄው ነው።

አጎቴ ቺካጎ የገባው በ1983 ነው። መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እየዞረ ማሽን የሚያስቀምጥ አንድ ድርጅት ቀጠረው። መጀመሪያ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር፣ ቀጥሎ አምፖል ቀያሪ፣ መጨረሻ ላይ ጠጋኝ ሆነ። ድርጅቱ ሲዘጋ የመጨረሻ ወር ደሞዙን በጥሬ አልሰጡትም፣ «ከዕቃው አንዱን ውሰድ» አሉት። ይሄንን ወሰደ። እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ ሆኜ ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሦስቱ ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው ሲጫወቱ።

ባለፈው ሳምንት የቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው መጥቶ 300 ዶላር ቆጥሮ አሳየው። «ዛሬውኑ አነሳዋለሁ» አለው። አጎቴ እምቢ አለ። «ገበያ የሚያውቅ ሰው የሚቸኩለው ሲረክስለት ነው» አለኝ። ማሽኑ ከተበላሸ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ሰውየው ግን ይሠራል ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ዛሬ ከፍቼ ዓየሁት። ኤሌክትሪክ ላይ አልሰካሁትም። አሥር ዓመት የተኛ ማሽን ሳይመረመር አይሰካም፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ይሄንን ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

የድሮ ማሽን ሰብሳቢዎች አንድን ማሽን ሲገምቱ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ጭንቅላቱ ላይ ባለው ሥዕል፣ ባክግላስ በሚሉት ላይ ነው። ሥዕሉ ከመስታወቱ ጀርባ በቀለም የታተመ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ቀለሙ ከመስታወቱ ይለቅና እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል። ጋራዥ ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር የከረመ ማሽን ብዙ ጊዜ ግማሽ ሥዕሉን አጥቶ ነው የሚገኘው። ቀጥሎ ሜዳው ይታያል፣ ብይዋ ቀለሙን እስከ እንጨቱ በልታዋለች ወይስ አልበላችም? ከዚያ የሣጥኑ ጎን። መሥራት አለመሥራቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ይሄ ለኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የማይሠራ ማሽን እንዴት ዋጋ ይኖረዋል? ነገሩ ግን ቀላል ነው። ኮይል ተገዝቶ ይገጠማል፣ ኮንታክት ይጸዳል፣ አምፖል ይቀየራል። የረገፈ ሥዕል ግን አይመለስም። ለዚህ ነው ያ ሰው ይሠራል ወይ ብሎ ያልጠየቀው። የባትሪ መብራቱን ባክግላሱ ላይ አብርቶ አይቶ ነበር፣ አጎቴ እንደነገረኝ።

የኛ ባክግላስ ደህና ነው። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰነጣጥቋል፣ የቀረው እንዳለ ነው። ሜዳው ፍሊፐሮቹ ፊት ለፊት ተበልቷል፣ የመዳፍ ያህል ቦታ እንጨቱ ታይቷል።

የጭንቅላቱን የኋላ በር ሳነሳ ግን ሥራውን አቁሜ ተቀመጥኩ። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ሙሉ በሙሉ በእርሳስ ተጽፎበታል። ቀን፣ ስም፣ ነጥብ። በፊደል! የአጎቴ ባለቤት ነፍሷን ይማርና ልጆቹን ፊደል የምታስቆጥራቸው እሑድ እሑድ ነበር፣ እና ነጥብ መመዝገብ የሚፈቀደው በአማርኛ ለጻፈ ብቻ ነበር። የትልቋ ልጅ ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። የወንዱ «ሸ» ተገልብጣለች፣ አራት ቦታ ላይ፣ አምስተኛው ላይ ተስተካክላለች። የትንሿ ስም መጀመሪያ ላይ የለም። ከዚያ ከበሩ ግርጌ፣ ቁመቷ ከደረሰበት፣ ሁለት ፊደል ብቻ ጽፋ ብቅ ትላለች።

አጎቴን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ምንም አላለም። ወደ ላይ ወጥቶ ቡና አፈላ።

ማክሰኞ ማታ

ከሥራ መልስ ሦስት ሰዓት ያህል ሠራሁ። እኔ ቀን ቀን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ነው የምጠግነው፣ ስለዚህ ሽቦ አያስፈራኝም። የማሽኑ ገመድ ባለ ሁለት ሹካ ነበር፣ የመሬት ሽቦ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይነካ የሚወስደው) የለውም። ባለ ሦስት አደረግኩትና መሬቱን ከትራንስፎርመሩ ብረትና ከሳንቲም በሩ ጋር አሰርኩት። ልጆች በእጃቸው የሚነኩት የብረት በር ነውና ይሄ የሚዘለል ነገር አይደለም። ፊውዞቹን አወጣሁ። አንደኛው ላይ የሆነ ሰው ከሚገባው በላይ የሆነ ፊውዝ አስገብቶበታል። እንዲህ ያለ ፊውዝ ከመቃጠሉ በፊት ኮይሉ ይቃጠላል። በትክክለኛው ቀየርኩት።

ከዚያ ሰካሁት። ትራንስፎርመሩ ዝም ብሎ እም አለ። ጥቂት አምፖሎች በሩ። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። የማስጀመሪያውን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ ተነሣና ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ። አጠፋሁት።

አጎቴ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ «አንደኛው ከበሮ ዜሮውን አላገኘም!» ብሎ ጮኸ። አላየም እኮ፣ ሰምቶ ነው።

ነጥቡ የሚታየው ቁጥር በተጻፈባቸው ከበሮዎች ነው። ጨዋታ ሲጀመር ሞተሩ ሁሉንም ወደ ዜሮ ይመልሳል። እያንዳንዱ ከበሮ ዜሮ ላይ ሲደርስ ኮንታክት ይከፍትና «ጨርሻለሁ» ይላል። አንዱ ካላለ ሞተሩ እስከ ንጋት ይዞራል። ከበሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ገፋኋቸው። የሦስተኛው ተጫዋች የመቶ ቤት ነበር፣ ቅባቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል።

ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን

ዛሬ የተሠራው ሥራ ከሁሉም ይበልጣል፣ የተማርኩትም እንዲሁ።

አጎቴ ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ካቻቪቴ መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ጆሮው ግን አላረጀም። ሜዳውን እንደ መኪና ኮፈን አንስቼ በዱላው ደገፍኩት። ከሥሩ ያለውን ሽቦ ብታዩ ገበያ የወጣ የሸማኔ ድርና ማግ ነው የሚመስለው፣ በየቀለሙ የታሰረ። አጎቴ ሣጥኑ ወለል ላይ የተለጠፈ ፖስታ እንድፈልግ ነገረኝ። የማሽኑ የሽቦ ካርታ እዚያው ውስጥ ነበር፣ ታጥፎ፣ ቢጫ ሆኖ። ካርታው አብሮት ያለ ማሽን ለጠጋኝም ለገዢም በረከት ነው።

ቆጣሪዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ብይ ስንተኛ እንደሆነች የሚቆጥር አለ፣ ተጫዋቹን የሚቆጥር አለ። የደረቀውን ቅባት በአልኮል አሟሙቼ ጠረግኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የሚረጭ ዘይት ፍሽሽ አድርጎ ይለቅበታል። ለአንድ ሳምንት ይሠራል። ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ይሆናል፣ ኮንታክት ላይ ከደረሰ ደግሞ ብልጭታው ያቃጥለዋል። ደረቅና ንጹሕ፣ በቃ።

ኮንታክቶቹ ጫፋቸው ብር ነው። ይጠቁራሉ። በቀጭኗ ሞረድ ስትነካቸው አጎቴ ይቆጥራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተው!» ከሦስት በላይ ከሞረድክ ብሩን ትጨርሰዋለህ። ከዚያ ንጹሕ የስም ካርድ በመሃላቸው አስገብቼ፣ በጣቴ ጫን አድርጌ እስባለሁ። ካርዱ ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል። ሁለተኛ ስስበው ግራጫ፣ ሦስተኛ ላይ ነጭ። ነጭ ሲወጣ ወደሚቀጥለው። ይሄንን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ሠራሁ። ቀለል ያለ ሥራ ነው ግን ማንም ሊያቻኩልህ አይችልም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ እዚያው ነበርን፣ ምሳ እንኳ ሽሮው ወርዶልን ምድር ቤት ነው የበላነው።

አጎቴ በመሃል በመሃል ያወራል። ዓርብ ማታ መጠጥ ቤቶቹ ሲሞሉ፣ ሳንቲሙን በጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ከባለቤቱ ጋር እኩል ሲካፈል። ማሽን ሲበላሽ ገቢ ይቆማል፣ ስለዚህ ጠጋኝ እንደ ሐኪም በሌሊት ይጠራል። እነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ እዚሁ ቺካጎ ነበር የሚሠሩት፣ ጎትሊብም፣ ባሊም፣ ዊሊያምስም። ከተማዋ ራሷ ግን ለብዙ ዓመታት በሕግ ከልክላቸው ነበር፣ እንደ ቁማር ተቆጥረው። ኒውዮርክም ከ1942 ጀምሮ ከልክላ ነበር፣ ከንቲባው ላጋርዲያ ማሽኖቹን በመዶሻ ሲሰብር የተነሣው ፎቶ ዛሬም አለ። እገዳው እዚያ የተነሣው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ቆሞ «ይሄ ዕድል አይደለም፣ ችሎታ ነው» ብሎ ብይዋ በየትኛው መንገድ እንደምትወርድ አስቀድሞ ተናግሮ ተኮሰ፣ ብይዋም እንዳለው ወረደች። ማሽኑም የጎትሊብ ነበር። የኛ ሮያል ፍላሽ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰካነው። ሞተሩ ዞረ፣ ከበሮዎቹ ተንቀጫቀጩ፣ ሁሉም ዜሮ ላይ ቆሙ። ሞተሩም ቆመ። አጎቴ ክራንቹን አስደግፎ ተነሣ።

ረቡዕ

የዋጋውን ነገር ዛሬ አጣራሁ። ሁለት ሰብሳቢዎች ደውዬ አነጋገርኩ፣ የተሸጡትንም ስፈልግ አመሸሁ። የሚጠየቀውን ዋጋ አትመልከቱ፣ የተሸጠበትን ተመልከቱ። ሰው የፈለገውን መጠየቅ ይችላል።

የኛ ዓይነት፣ የሚሠራና ሥዕሉ ደህና የሆነ፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ብዙዎች ሲሰሙ ያሳዝናል ይሉኛል፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ዕቃ እንዴት ይሄን ያህል ብቻ? ሮያል ፍላሽ ከ12,000 በላይ ተሠርቷል። ባለ አራት ተጫዋች ነው፣ ሰብሳቢዎች ደግሞ የጎትሊብን ባለ አንድ ተጫዋቾች ነው የሚያሳድዱት። ለምሳሌ የ1977ቱ ሴንቲግሬድ 37 የተሠራው 1,600 ብቻ ነው። የሁለቱንም ሥዕል የሠራው ጎርደን ሞሪሰን ነው፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ቁጥር ብቻውን ግን ዋጋ አይወስንም። በ1992 የወጣው አዳምስ ፋሚሊ 20,270 ተሸጧል፣ ፍሊፐር ካላቸው ማሽኖች ከእሱ በላይ የተሸጠ የለም። ብዙ ስላለ ርካሽ መሆን ነበረበት። አይደለም፣ ደህናው ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋል፣ አንዳንዱ ያልፋል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፣ በ1992 አሥራ አምስት ዓመት የነበረው ልጅ አሁን ሃምሳ እየደፈነ ነው፣ ቤት አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ያኔ በኳርተር (በ25 ሳንቲም) የተጫወተውን ነገር ምድር ቤቱ ማቆም ይፈልጋል። የ1976ቱን ማሽን በጉርምስናው የተጫወተው ሰው ደግሞ አሁን እንደ አጎቴ ደረጃ አቅቶት አፓርታማ እየገባ ነው። ሻጭ እየበዛ ገዢ እያነሰ ነው። የእንጨቱና የሽቦው ጥራት እዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን «ይቆይ፣ ይወደዳል» ብላችሁ ጋራዥ አትወርውሩት። ጋራዥ ውስጥ ሥዕሉ ይረግፋል። ማሽናችሁ ከ1977 ወዲህ ያለ፣ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ከፍታችሁ ባትሪ ካለው አውጡ። ባትሪው ፈሳሹን ያፈስና ቦርዱን ይበላዋል፣ ስንቱ ጥሩ ማሽን የጠፋው በሦስት ባትሪ ነው።

ከሁለቱ ሰብሳቢዎች አንደኛው ምክር ሰጠኝ። የሣጥኑን ጎን እንደገና ቀባው፣ የተበላውን የሜዳ ቀለም አስሞልተህ ጠንካራ ቫርኒሽ አስቀባው፣ የበሩን ጽሑፍ በላጲስ አጥፋው፣ «ንጹሕ» ይሆናል አለ። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ሂሳቡ ግን አይመጣም፣ ሜዳውን ማስቀባት ብቻ ማሽኑ ከሚጨምረው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ሁለተኛው ሰብሳቢ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ያለኝ፣ ያልተነካ ዕቃ ነው የምፈልገው፣ አንዴ የተነካውን መመለስ አይቻልም።

እኔም በዚሁ ወሰንኩ። ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አልሠራም። የበሩን ጽሑፍማ ጣቴ እንኳ አይነካውም።

ቅዳሜ

ባክግላሱን አወጣሁት። እዚህ አጠፋሁ። ስስበው የሹራቤ እጅጌ ጀርባውን ነካና ከተሰነጠቀው ጥግ የጥፍር ያህል ቀይ ቀለም ወደቀ። ልቤ ድንግጥ አለ። ቀለሙ ያለበት ወገን በደረቅ ጨርቅ እንኳ አይነካም፣ ይሄን አውቅ ነበር፣ እጅጌዬን ግን አልሰበሰብኩም። አጎቴን ወዲያው ጠርቼ ነገርኩት። «ቁራጩን አግኝተኸዋል?» አለኝ። አግኝቼዋለሁ። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ጀርባውን ጥርት ባለ ወፍራም ማሸጊያ ረጨሁት። መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ ሞክሬ አደረ፣ ቀለሙን አላሟሟውም። ከዚያ ስስ አድርጌ ሁለት ጊዜ። ስንጥቁ አሁን ባለበት ተይዟል። ከጀርባው ያሉትን አምፖሎችም ቁጥር 44 የነበሩትን በ47 ቀየርኩ። ብርሃኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ቀለሙን ያደረቀው አንዱ ይሄ ሙቀት ነው።

ሰኞና ሐሙስ ማታ

ፍሊፐሮቹ። ውስጣቸው ያለውን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ፣ ኮይሎቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው፣ ደህና ናቸው። ፍሊፐር ሲነሣ መጀመሪያ ብዙ ኃይል ይወስዳል፣ ጫፍ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ኮንታክት ተከፍታ ኃይሉን ትቀንሳለች። እሷ ካልተከፈተች ኮይሉ ይነዳል። እሷን ለማስተካከል ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀሁ።

ላስቲኮቹ ድንጋይ ሆነው ነበር፣ ሁሉም ተቀየሩ። ሜዳውን ናፕታ በሚባለው ማጽጃ ፈሳሽ (የመኪናው ናፍታ አይደለም) ጠርጌ ሰም ቀባሁት። ውሃ አይነካውም። ብይዋ ዝጋ ነበር፣ አዲስ ገዛሁ። የዛገች ብይ ሜዳ ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት ናት። እግሮቹን አስተካክዬ ዝንባሌውን 3.5 ዲግሪ አካባቢ አደረግኩት፣ ለነዚህ ለድሮዎቹ ይሄ ይበቃል፣ አዲሶቹ 6.5 ይፈልጋሉ።

ወጪው፦ ላስቲክ 28፣ የፍሊፐር ዕቃ 44፣ አምፖል 35፣ ገመድና ፊውዝ 19፣ ማሸጊያ 13፣ ብይዋ፣ ሞረዷና ልዩ ልዩ 16። በድምሩ 155 ዶላር። ሰዓቱ 41።

እሑድ

ሦስቱም ልጆች ነበሩ። ትልቋ ከዳላስ፣ ትንሿ ከሚኒያፖሊስ፣ ወንዱ እዚሁ ነው። አራት ሰው አራት ተራ ያዘ። ሳንቲም ማንም አልያዘም፣ አጎቴ የሳንቲም በሩን ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረጋት፣ ድሮም እንዲያ ነበር የሚያደርግላቸው። ደወሎቹ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጮኻል፣ የአሥር፣ የመቶ፣ የሺህ። ልጆቼ ድምፁን ሲሰሙ ስልካቸውን ጣሉ፣ ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ቡና ሲጠጣ አጎቴ ጉዳዩን አነሣ። «በቁሜ ልጨርሰው» አለ። አንድ ሰብሳቢ አይቶት 1,500 ዶላር በቃሉ ሰጥቶናል፣ የሚሠራ መሆኑንም ሰምቶ። ዋጋው ትክክለኛ ነው፣ እኔም እንዲያው ነበር የገመትኩት። አጎቴ እንዲህ አለ፣ 1,500 ነው፣ ለሦስት 500 ነው። የሚፈልገው ይውሰደውና ለሁለቱ 500፣ 500 ይካስ። ማንም ካልፈለገ ለሰውየው ይሸጥና ይካፈላል።

ትልቋ ቃሏን ሳትጨርስ «እኔ» አለች። ወንዱ 500ውን ተቀበለ። ደግ አደረገ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ቤት ኪራይ አለበት። ትንሿ ገንዘቡን አልቀበልም አለች፣ አጎቴ ግን ቆጥሮ እጇ ላይ አስጨበጣት። «ኋላ ቅር እንዳትባባሉ» አለ። የዚያ ሁሉ ስልክና የዋጋ ማጣራት ጥቅሙ ያኔ ነው የገባኝ። 300 ብለን ብንገምተው ኖሮ ሁለቱ ተበድለው ይቀሩ ነበር፣ አምስት ሺህ ብንለው ደግሞ ትልቋ መውሰድ አትችልም ነበር።

ወንዱ ከመሄዱ በፊት የኋላውን በር ጠይቆኝ ከፈትኩለት። በስልኩ አነሣው። የተገለበጠችውን «ሸ» ለልጁ አሳየው።

ዓርብ

አማቹ ከዳላስ ቫን ይዞ መጣ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብይዋን አውጥቼ በከረጢት አሰርኩ። የጭንቅላቱን መሰኪያዎች ከመንቀሌ በፊት እያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ለጠፍኩ፣ ፎቶም አነሣሁ። ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ባክግላሱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እግሮቹ ተፈተው። ቀዩዋን ቁራጭ አጎቴ ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ በፖስታ ሰጣት። ሣጥኑን ለአራት ነው ያወጣነው።

ማክሰኞ ማታ

ከዳላስ ተደወለ። ተገጥሟል፣ ይሠራል፣ ግን አንድ ደወል አይጮህም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለአጎቴ ሰጠሁት። አንድ ብይ ተጫወተችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«የመቶው ነው» አለ። «ኮይሉ ይመታል፣ ብረቱ ታፍኗል።»

ያኔ ትዝ አለኝ። በመንገድ ላይ እንዳይንገላታ ብዬ ደወሉ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሼ ነበር፣ ሳልነግራቸው። ጎንበስ ብላ አወጣችው። ከዚያ እንደገና ተኮሰች፣ ድምፁ በስልኩ ጥርት ብሎ መጣ።

«እሺ» አለ አጎቴ። «አሁን ሦስተኛው ተጫዋች ላይ አድርጊና አሰሚኝ።»